«ያድግበታል»፦ የአዲስ አበባ ወንድ ልጆች የክት ልብስ ትዝታ

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ልብስ በሁለት ይከፈላል፤ ዘወትርና ክት። ዘወትር ለሥራ፣ ለከብት ጥበቃ፣ ለጨዋታና ለመንገድ የሚለበሰው ነው። ክት ደግሞ ለበዓል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግና ትልቅ ሰው ፊት ለመቅረብ ከሣጥን የሚወጣው፣ ዕለቱ ሲያልፍም ታጥቦና ታጥፎ ወደ ሣጥኑ የሚመለሰው ሲሆን፣ ስሙ «ከተተ» ከሚለው ግስ ጋር የሚዛመድ በመሆኑ ከመለበሱ ይልቅ ተከትቶ በመቆየቱ የሚታወቅ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። የሴቶቹ ክት «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለለት ሲሆን፣ የወንድ ልጆቹ ክት ግን እንዲህ ያለ ተረት አልወጣለትም፤ ሲለወጥም ብዙ ሰው አየው እንጂ ልብ ብሎ የጻፈለት ጥቂት ነው። ይሁንና ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መገባደጃ እስከ ጣልያን ወረራ ባሉት አርባ ያህል ዓመታት ውስጥ የአዲስ አበባ ልጅ ክት ከሥር መሠረቱ ተለውጧል፤ የተለወጠውም ጨርቁ ብቻ ሳይሆን ልብሱና ለባሹ እርስ በርስ የሚተዛዘዙበት መንገድ ጭምር ነው።

በ1890ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) ደኅና ኑሮ ካለው ቤት የተወለደ የአሥር ዓመት ልጅ ለበዓል ሲለብስ በመጀመሪያ የሚያጠልቀው እጀ ጠባብ ነበር። እጀ ጠባብ እንደ ስሙ እጅጌው ክንድ ላይ የሚጣበቅ፣ ርዝመቱ ግን ከክንዱ የሚተርፍ በመሆኑ እየተሸበሸበ አንጓ ላይ የሚከማች፣ ወደ ታችም ረዘም ብሎ የሚወርድ ነጭ ሸሚዝ ነው። ከሥሩ ጭኑ ላይ ሰፋ፣ ባቱ ላይ ጠበብ ያለ ሱሪ ይታጠቃል፤ ከሁሉም በላይ ኩታ ይደርባል። ኩታ ሁለት እጥፍ ሆኖ የሚሰፋ ስስ ሸማ ሲሆን፣ አራት እጥፍ ከሚሆነውና ለብርድ ከሚለበሰው ጋቢ የሚለየው በስስነቱ፣ በዳርቻው ላይ በሚሄደው ቀለማም ጥለትና በንጣቱ ነው። ቀዩ ጥለት ሰፍቶ ከጨርቁ መካከል የሚሄድ ከሆነ ልብሱ ጃኖ ይባላል፤ ጃኖም የመኳንንትና የክብር ልብስ ስለ ነበር ማንም አባት ገንዘብ ስላለው ብቻ ለልጁ የሚያለብሰው አልነበረም።

የዚህ ኩታ ታሪክ የሚጀምረው ከገበያ ሳይሆን ከእናት እጅ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይለቀማል፤ በደጋን እየተነደፈ ይፍታታል፤ ባዘቶ ከሆነ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። ለድር የሚሆነው፣ ማለትም በሸማው ቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ጠንከር ተደርጎ፣ ለማግ የሚሆነው፣ ማለትም በወርዱ የሚመላለሰው፣ ለስለስ ተደርጎ ሲፈተል፣ ክረምቱን ሙሉ ከምድጃ አጠገብ የተፈተለው ፈትል ተደውሮ ለሸማኔ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ሸማኔው ብዙውን ጊዜ ከጋሞ ደጋ የመጣ ዶርዜ ነበር። ከተማይቱ የሸማኔውን ሥራ ለብሳ ሸማኔውን ግን ትንቅ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሙያው መስደብን እስከ መከልከል ደርሰዋል። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ አውርዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈ የሚሠራው ለአዋቂም ለልጅም ያንኑ ረጅም ጨርቅ ነው። የልጅ ኩታ ቁመቱ አጠር ሊል ይችላል እንጂ ቅርጽ የለውም፤ ትከሻ የለው፣ ወገብ የለው፣ አዝራር የለው። ቅርጹን የሚሰጠው ለባሹ ነው።

አማርኛ ልብስን ከአለባበስ የሚለየውም በከንቱ አይደለም። ያው አንድ ኩታ ጫፉ በትከሻ ላይ ሲጣል «አጣፋ» ይባላል፤ ራስን ሲሸፍን «ተከናነበ»፤ ወገብ ላይ ሲታሰር «አሸረጠ»፤ ከትከሻ ወርዶ ደረትና ወገብ ላይ ሲጠመጠም «አደገደገ»። ይህ የመጨረሻው ድግ ከተባለው ረጅም መታጠቂያ ጋር የተያያዘ ቃል ሲሆን፣ ለመታዘዝና ለማገልገል ዝግጁ መሆንን የሚያሳይ አለባበስ ነው። ኀዘን ሲሆን ጥለቱ ከእግር በኩል ወደ ላይ ይዞራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ሁለቱ ጫፎች ደረት ላይ ተላልፈው የመስቀል ምልክት ይሠራሉ። ልጅ ክት የተሰፋለት ዕለት የሚጀምረው ትምህርት ይህ ነበር፤ አጎቱ ከበር ሲገቡ ኩታውን እንዳጣፋ የቆመ ልጅ፣ ልብሱ ምንም ቢነጣ፣ አሳዳጊ የበደለው ባለጌ ይባላል። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ ያደጉ ብላቴኖች፣ ማለትም ለግልጋሎትና ለሥርዓት ትምህርት የሚቀመጡ ልጆች፣ ይህን ቋንቋ እንደ ዳዊት ያጠኑት ነበር፤ «ብላቴን ጌታ» የሚለው ከፍተኛ ማዕረግም የእነዚሁ ልጆች አለቃነት መጠሪያ ነው። በአንጻሩ ከቤቱ ርቆ ቅኔና ዜማ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከበግ ለምድ የተሰፋ ደበሎ ለብሶ እየለመነ ይማር ስለ ነበር ክትና ዘወትር የሚባል ልዩነት አልነበረውም፤ ደበሎው ሁለቱንም ነው።

ክት ነጭ በመሆኑ ዋዜማው የእጥበት ቀን ነው። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ይወጣዋል፤ ልብሱ በዚያ ከተዘፈዘፈ በኋላ ቀበና ወይም ግንፍሌ ወንዝ ዳር በድንጋይ ላይ በእግር እየተረገጠ ይታጠባል፣ ሣር ላይም ይሰጣል። በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ልብሱ ይወልቃል፤ የገና ጨዋታ በዱላና በሩር፣ ቡሄም በጅራፍ የሚደምቁ ስለ ሆኑ፣ ወንድ ልጅ በክቱ የሚቆየው ቅዳሴው እስኪያልቅና ምሳ እስኪበላ ድረስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕድሜም በልብስ ይታይ ነበር። ሕፃኑ አንገቱ ላይ ማተብ፣ አናቱ ላይ ዙሪያው ተላጭቶ የተተወች ቁንጮ፣ ገላው ላይ አንዲት ረጅም እጀ ጠባብ ብቻ ይዞ ያድጋል፤ ሱሪ የሚመጣው በኋላ ነው። «ሱሪ ታጠቀ» የሚለው አነጋገር ለአካለ መጠንና ለወንድነት ምሳሌ ሆኖ የቀረውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ይህ የሐበሻ ብቻ ልማድ አይደለም። በዚያው ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ትንንሽ ወንዶች ልጆች እንደ እኅቶቻቸው ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሕፃንነታቸው ጸጉራቸውን አርዝመው ቀሚስ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ከቀሚስ የወጣው የአውሮፓ ልጅ ደግሞ ለክት የመርከበኛ ልብስ ይለብስ ነበር፤ ይህም የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ አልበርት ኤድዋርድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 በመርከበኛ ልብስ ከተሣለ በኋላ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ የወረደ ልማድ ነው። ከላይ ወደ ታች መውረዱ በአዲስ አበባም ያው ነው፤ የሚለየው የወረደው ነገር ነው።

ወደ አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባው ግን ቅርጽ ሳይሆን ጨርቅ ነበር። አቡጀዲ የሚባለው በመኪና የተሠራ ነጭ ጥጥ ጨርቅ በብዛት ከአሜሪካ ፋብሪካዎች በዓደን በኩል ይመጣ ነበር፤ የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል ከኋላው ከነበሩት ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጨርቅ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የቦንዳው ጭነት ከግመል ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ላይ ወጣ፤ ኋላም የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካውን አቡጀዲ ገፍቶ አስወጣው። በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ እንደ መሐመድ አሊ ያሉት የሕንድ ነጋዴዎች ጨርቁን ሲሸጡ፣ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ልብስ ሰፊዎች በስፌት መኪና ይሰፉት ጀመር። በዚህም እናት ከእንዝርቷ ሙሉ በሙሉ ባትላቀቅም፣ የልጇ እጀ ጠባብ ግን ከእጇ ወጣ፤ ኩታው የቤት ፈትል ሆኖ ሲቀር፣ ከሥሩ ያለው የመኪና ሥራ ሆነ። ያ ጥንድ ልብስ፣ ላዩ የእናት ፈትል፣ ታቹ የገበያ ጨርቅ፣ የዘመኑ ትክክለኛ መልክ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ይህን መልክ ጠብቆ ያቆየው የፎቶግራፍ መሣሪያ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ፣ የመኳንንቱን ቤተሰቦች እያስቀመጡ ሲያነሡ፣ ልጆቹ የሚታዩት በዕለት ልብሳቸው ሳይሆን በክታቸው ነው። የመኳንንት ልጅ ክት ደግሞ የአባቱ ልብስ በትንሹ የተሰፋ ነበር፤ ወርቅና ሐር ዘቦ የተጠለፈበት ካባ፣ ወይም በርኖስ የተባለው ጥቁር የሱፍ ደራቢ በትንሽ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ልጅነት የራሱ ልብስ አልነበረውም፤ ልጁ የሚለብሰው ወደፊት የሚሆነውን ነው። ከዚህም የተነሣ የአንድ ወጣት አለባበስ የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ሊደርስ ይችል ነበር። አልጋ ወራሽ ሆነው ሲታወጁ ገና የ14 ዓመት ልጅ የነበሩት ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ጥምጥም ጠምጥመው እንደ እስላም ለብሰው ያሳያሉ የተባሉ ፎቶግራፎች ለክሱ ማስረጃ ሆነው ይዞሩ ነበር፤ የፎቶግራፎቹ እውነተኛነት እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ክሱ ተሰሚነት ማግኘቱ ራሱ ሕዝቡ ልብስን እንዴት ያነበው እንደ ነበር ያሳያል።

በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የአውሮፓ መምህራን እንዳይገቡ ቤተ ክህነት በመቃወሟ መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች፣ ማለትም በሃይማኖት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ የሆኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። በዚያ ዘመን የተማረ የካይሮ ሰው ኮት የሚለብስ፣ ጠርቡሽ የሚደፋ ስለ ሆነ፣ ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ኮት የለበሰ መምህር በቅርብ ያዩት ከፈረንጅ ሳይሆን ከሃይማኖት ወንድም ዘንድ ሳይሆን አይቀርም፤ ኮቱ እንደ ሃይማኖት ጠላት ያልታየው በከፊል ለዚህ ይሆናል። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት የያዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ ራሳቸው ልብሳቸው ያለ ፈቃዳቸው የተለወጠ ልጅ ነበሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ ወታደሮች ተወስደው በሕንድ አገር ቻርልስ ማርቲን ተብለው አድገዋል። በዚያው ጦርነት የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት በአገሩ ልብስና ጌጥ ተቀምጦ ይታያል፤ ቀጥሎ የመጡት ፎቶግራፎች ግን የእንግሊዝ ተማሪ ልብስ የለበሰ ልጅ ያሳያሉ። ያ ልጅ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሲሞት፣ ሌላው የመቅደላ ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመልሶ በአዲስ አበባ የአንድ ትውልድ ልጆች ኮት ለብሰው ሲማሩ ለማየት በቃ።

በመካከል ያለው ዘመን፣ ማለትም የራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ጊዜ፣ የራሱ የሆነ ድብልቅ ነበረው። ጭኑ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ባት ላይ ጥብቅ የሚለው ሱሪ «ተፈሪ ሱሪ» ተብሎ በስማቸው ተጠራ፤ በላዩ ነጭ እጀ ጠባብና ጥቁር ካባ ይደረባል፤ ራስ ላይ ባርኔጣ ይደፋል። ባርኔጣውን በሰፊው ያስለመዱት ራሳቸው ዳግማዊ ምኒልክ ሲሆኑ፣ እሳቸው ከሥሩ ነጭ ሻሽ ያስሩ ነበር። ቁንጮዋ ግን ባርኔጣ አልወደደችም፤ የተማሪ ጸጉር ባንድ ልክ ሲቆረጥ ከልጅነት ምልክቶች አንዱ በጸጥታ ጠፋ። በ1916 ዓ.ም. መገባደጃ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በአዲስ አበባ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነው በአንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ሲሰለፉ፣ ከተማይቱ ልጆችን በማዕረግ ልዩነት ሳይሆን በአንድነት የሚያለብስ ልብስ አየች። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል የተሰማውን መዝሙር ያዘጋጀው የእነዚሁ ልጆች መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው።

ኮቱ የልጆች ክት እየሆነ ሲመጣ ቃላቱ አብረው ገቡ፤ ኮት ከእንግሊዝኛ፣ ሸሚዝ ከፈረንሳይኛ፣ ከረባትና ካልሲ ከጣልያንኛ። ሸሚዝ የሚለው ቃል ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ሲመጣ፣ ከዚያው ከላቲኑ ሥር የወጣው ቀሚስ ደግሞ በዐረብኛ በኩል ብዙ ዘመን ቀድሞ ገብቶ ስለ ነበር፣ የልጁ ሸሚዝና የእናቱ ቀሚስ ሳይተዋወቁ አንድ ቤት የተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው። ከቃላቱ ሁሉ ግን ዘመኑን አጥብቆ የያዘው የአገሩ አማርኛ የሆነው «ያድግበታል» ነው። ኩታ ልክ ስለሌለው ልጅ አያድግበትም፣ አይጠበውምም፤ ከአሥር ዓመት እስከ ሃያ ዓመቱ ያው ኩታ በአጣጣፍ ይበቃዋል፣ ካረጀም ለታናሽ ይተርፋል። ኮት ግን ልክ አለው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን በልጁ ትከሻና ክንድ ላይ ሲዘረጋ፣ አባት ከጎን ቆሞ «ጨመር አድርግ፣ ያድግበታል» ይላል፤ እጅጌው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ይወርዳል፣ የሱሪው ጠርዝ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ በለቃቃ ስፌት ይያዛል፣ ልጁም በየዓመቱ ፋሲካ ሲመጣ ያ እጥፋት በአንድ ጣት ሲፈታለት ያያል። የተፈታበት ቦታ ላይ ፀሐይ ያልነካው፣ ከሌላው ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል፤ የልጁ ዕድሜ ከዚያ መስመር ይቆጠራል። ኮት የለበሰ ልጅ ሦስት መልኮች ያልፋል፤ ሲሰፋበት ሁለት ዓመት፣ ሲሆነው አንድ በዓል፣ ሲጠበው ደግሞ እስኪቀደድ ድረስ። በልኩ የሆነለት አንዱ በዓል ፎቶግራፍ ከተነሣ ዕድለኛ ነው።

የከፋው ችግር ግን የልክ አልነበረም። ኮት የለበሰ ልጅ አጎቱ ከበር ሲገቡ ምን ያድርግ? ኮት አይደገደግም፣ አይጣፋም፣ ከትከሻ ዝቅ አይልም። ልጁ ልብሱን ወደ ሥርዓት ማምጣት ስላልቻለ ሰውነቱን አመጣ፤ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ አዝራሩን ይቆልፋል፣ እጁን ከኪሱ ያወጣል፣ ወገቡን ሰበር ያደርጋል። እጅን ኪስ መክተት እንደ ብልግና መቆጠሩ የኪስን መምጣት ተከትሎ የመጣ አዲስ ሕግ ነው፤ በኩታ ዘመን እጅ የሚደበቅበት ኪስ ስላልነበረ ክልከላውም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «የዛሬ ልጅ ማክበር አያውቅም» ሲሉ የሚያዝኑት ብዙውን ጊዜ ስለ አክብሮቱ መቅረት ሳይሆን ስለሚያውቁት ምልክት መጥፋት ነበር ብሎ መፍረድ ይቻላል።

ጫማ ከሁሉም ዘግይቶ መጣ። በ1920ዎቹ ካኪ ለብሶ የሚሰለፈው የክቡር ዘበኛ ወታደር እንኳ በባዶ እግሩ ነበር፤ ከዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ተመርጠው በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተላቸው ወጣቶች ካኪውን ሲለብሱ ለብዙዎቹ የመጨረሻው የልጅነት ልብስ እሱ ሆኗል፤ ጦርነቱ የመጣው በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት የሰላም ዓመታት ግን ኮቱና ኩታው መታረቂያ መንገድ አግኝተው ነበር። ልጁ ለጥምቀት ወይም ለማርያም ኮቱን ይለብስና እናቱ የፈተለችውን ነጠላ ከላይ ይደርባል፤ ደጀ ሰላሙ ሲደርስ፣ ጫማ ያለው ጫማውን ከአጥሩ ሥር ያወልቃል፤ ነጠላው በደረት ላይ ተላልፎ መስቀል ሲሠራ ኮቱ፣ አዝራሩ፣ ከረባቱ ሁሉ ከሥር ይሸፈናል። ከኋላ የቆመ ሰው የሚያየው ጥለቱንና፣ ከነጩ ልብስ በታች በባዶ እግር ላይ የወረደውን ገና ያልተፈታውን የሱሪ እጥፋት ብቻ ነው።